በ1,250 የን ጥሬ ዓሣ በሩዝ፦ የቶኪዮው ጹጂሃን የጉዳይ ጥናት

ኒሆንባሺ የቶኪዮ የድሮ ዓሣ ተራ ነው። ከኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ከነበረው) ጀምሮ እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ድረስ የከተማዋ ዓሣ የሚራገፈው እዚያው ወንዙ ዳር ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ገበያው ወደ ጹኪጂ ሄደ፤ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጅምላው ክፍል ወደ ቶዮሱ ተዛወረ። ዛሬ ሰፈሩ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሰፈር ነው። ነገር ግን ከቶኪዮ ባቡር ጣቢያ በያኤሱ በኩል ወጥቶ ጥቂት ለተራመደ ሰው፣ በምሳ ሰዓት ሕንፃ ታክኮ የሚጠማዘዝ የሰው ሰልፍ ያጋጥመዋል። ሰልፉ የሚያልቀው 12 ወንበር ባላት አንዲት ጠባብ ቤት ደጃፍ ነው። ስሟ ጹጂሃን ይባላል፤ የምትሸጠውም አንድ ምግብ ብቻ ነው።

ምግቡ በጃፓንኛ ‹ካይሰንዶን› ከሚባለው ወገን ነው፤ ጥሬ የባሕር ዓሣና የባሕር ፍሬ በጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ላይ ተደርጎ የሚቀርብበት። ጹጂሃን ‹ዘይታኩዶን› ይለዋል፣ ‹የቅንጦት ሳህን› እንደ ማለት። የቅንጦት ስም ቢይዝም ዝቅተኛው ደረጃ ለዓመታት 990 የን ነበር፤ በኋላ ከሺህ አልፎ 1,250 የን ደርሷል። በዚያው አካባቢ ደህና የሱሺ ባንኮኒ ላይ ለመቀመጥ ከአሥር ሺህ የን በላይ ማውጣት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ጥናቱ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጥሬ የባሕር ዓሣ በከተማው እምብርት በዚህ ዋጋ እንዴት ይሸጣል? ለበላተኛው ደግሞ ይህ ምን ማለት ነው? መልሱ ከአበላሉ ጋር የተቆላለፈ ነው። በዚያ ባንኮኒ ላይ ‹ደንብ› የሚመስለው ነገር ሁሉ፣ ሰልፉም፣ አንድ ዓይነት ምግቡም፣ መጨረሻ ላይ የሚፈሰው መረቅም፣ የዋጋው ልጅ ነው።

የቤቱ ስም ራሱ ድቅል ነው። ‹ጹጂ› የመጣው ጹጂታ ከተባለው የጹኬመን (በመረቅ እየተነከረ የሚበላ) ኑድል ቤት ነው፤ ‹ሃን› ደግሞ ካኔኮ ሃንኖስኬ ከተባለው የቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ በዘይት የተጠበሰ) ሳህን ቤት። ሁለቱም ሰልፍ በማሠለፍ የታወቁ ቤቶች ናቸው። ከኑድሉ ቤት መረቅ የማፍላት እውቀት ተወሰደ፤ ከቴምፑራው ቤት ደግሞ አንዲትን ጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርጎ ቆልሎ ዓይን የማስደነቅ ዘዴ። ጹጂሃን ሱሺ ቤት አይደለም፤ ከሱሺ ቤት የሚጠበቅ ነገር ይዞ የሚገባ ሰው ቅር ብሎት ይወጣል።

ክምሩ

በተለመደው ካይሰንዶን ላይ የዓሣው ቁራጮች አንድ በአንድ ሩዙ ላይ ተነጥፈው ይታያሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ጅማት የሌለበት፣ ቀለሙ የጠራ መሆን አለበት፤ ገንዘቡን የሚበላውም ይህ ነው። ከአንድ ትልቅ ቱና ጎን ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን እያደረጉ ሲቆርጡ ጫፉ፣ ጅማታሙ ክፍል፣ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀረው ሥጋ ይተርፋል። ጣዕሙ ከቀሪው አያንስም፤ እንዲያውም ከአከርካሪው ላይ በማንኪያ ወይም በዛጎል ተፍቆ የሚወጣው ‹ናካኦቺ› የሚሉት ሥጋ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ችግሩ መልክ የለውም። መልክ የሌለውን ነገር የሚሸጡበት መንገድ መክተፍ ነው።

ክትፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ጥሩ ክትፎ ቤት የሚለየው ጅማቱን ለይቶ በማውጣቱ ነው፤ ከተከተፈ በኋላ ሥጋው ከየትኛው ብልት እንደመጣ በዓይን አይታወቅም፣ ጥርስ ግን ይናገራል። በዘይታኩዶንም እንዲሁ ነው። ቱናው፣ ስኩዊዱ (ብዙ ክንድ ያለው አጥንት የለሽ የባሕር ፍጥረት)፣ ሽሪምፑ፣ ሁለት ዓይነት የባሕር ዛጎል ሥጋ፣ የሄሪንግ ዓሣ እንቁላልና ኪያር ተከትፈውና ተደባልቀው ሩዙ ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጠጥ ብለው ይቆለላሉ፤ ከላይ ቀይ የሳልመን እንቁላል ይጨመራል። (የሳልመኑ እንቁላል ‹ኢኩራ› የሚለውን ስሙን ያገኘው ‹ኢክራ› ከሚለው የሩሲያ ቃል ነው።)

ለምን እነዚህ ነገሮች ተመረጡ? ቱና ብቻውን ቢከተፍ ድቡልቡል ይሆናል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይሰለቻል። የቀሩት ሥራቸው ጥርስን ማንቃት ነው። ኪያሩ ርካሽ ነው፣ ውኃና ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ስኩዊዱ ማላመጥ ይጠይቃል። የሄሪንግ እንቁላል፣ ‹ካዙኖኮ›፣ በጥርስ ሥር ጠጠር እንደሚሰበር ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ካዙኖኮ የሚመጣው በጨው ተቀብሮ ስለሆነ ከመቀላቀሉ በፊት ጨውን ማውጣት የግድ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በንጹሕ ውኃ ብቻ ቢዘፈዘፍ ላዩ ያብጥና ይመራል፣ ውስጡ ግን ጨዋማ ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ ውኃውን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየቀየሩ ሌሊቱን ማሳደር ነው፤ ከዚያ ስስ ሽፋኑን በጣት እያሹ መላጥ። ጨው በጨው ይወጣል፣ ቀስ ብሎ።

ከዛጎሎቹ አንዱ ‹ሚሩጋይ› ነው። እውነተኛው ሚሩ ውድ ነው፤ በአነስተኛ ዋጋ በሚሸጡ ቤቶች በአብዛኛው የሚገኘው ‹ነጩ ሚሩ› የሚባለው፣ የሌላ ዝርያ ረጅም አፍንጫ ያለው ዛጎል ነው። ማታለል አይደለም፤ ሁለቱም ይበላሉ፣ ነጩ ሽታው ትንሽ ጠንከር ይላል። ሌላው ‹ጹቡ›፣ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ከጹቡ ዝርያዎች ብዙዎቹ በምራቅ ዕጢያቸው ውስጥ ቴትራሚን የተባለ መርዝ አላቸው። ዕጢው ሳይወጣ የተበላ እንደሆነ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ራስ ምታት፣ ማዞርና የስካር ዓይነት ስሜት ይመጣል። መርዙ በማብሰል አይጠፋም፤ ሥጋውን ሰንጥቆ ክሬም የሚመስለውን ዕጢ በጣት ማውጣት ብቻ ነው መፍትሔው። የሠለጠነ እጅ ይህን በሰከንዶች ውስጥ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ይህን ምግብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ግን ጹቡን ቢተወው ይሻላል።

ደረጃዎቹ አራት ናቸው፦ ‹ኡሜ› ዝቅተኛው፣ ከዚያ ‹ታኬ›፣ ‹ማጹ›፣ ከሁሉ በላይ ‹ቶኩጆ›። ፕለም፣ ቀርከሃና ጥድ የሚሉት ስሞች በጃፓን ምግብ ቤቶች የተለመዱ የደረጃ መለያዎች ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደረጃው ሲጨምር የክምሩ እምብርት አለመቀየሩ ነው። የሚጨምረው ከላይ የሚደረገው ሸርጣን፣ የሳልመን እንቁላልና ኡኒ የሚሉት የባሕር ጃርት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ኡሜ ይበቃዋል ብለን እናምናለን፤ የቤቱ ብልሃት ያለው ክምሩና መረቁ ውስጥ ነው፣ ሁለቱም በኡሜ ሙሉ ናቸው። ከፍ ያለውን የሚያዝ ደግሞ ኡኒውን በመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ይብላው። በመጨረሻ ትኩስ መረቅ ሲፈስበት ኡኒ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ሺህ የን በላይ የተጨመረበት ነገር መረቁን ከማደፍረስ በቀር ምልክት አይተውም።

ሒሳቡና ሰልፉ

በጃፓን የምግብ ቤት ንግድ የጥሬ ዕቃ ወጪ ከሽያጩ 30 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል የሚል የቆየ ልማድ አለ። ከ1,250 የን ላይ 30 በመቶው 375 የን ነው። በዚህ ገንዘብ ሩዝ፣ ሰባት ዓይነት የባሕር ነገር፣ የታይ ዓሣ ሳሺሚ (ተቆርጦ በጥሬው የሚበላ ዓሣ) እና መረቅ ማቅረብ ይከብዳል፤ እንዲህ ያለ ሳህን የሚሸጥ ቤት በዕቃ ወጪ ከልማዱ በላይ ለመሄድ ይገደዳል። የጎደለውን የሚሞላው በሌላ በኩል ነው፦ ቤቱ ትንሽ፣ ሠራተኛው ጥቂት፣ ምግቡ አንድ፣ ወንበሩ ባዶ የማያድር።

ሰልፉ ከዚህ ይወለዳል። 12 ወንበር አለ እንበል፤ አንድ ሰው ተቀምጦ እስኪነሳ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት የሚስተናገደው ከ24 እስከ 29 ሰው ነው። ከፊት 40 ሰው ከቆመ ወንበር የሚገኘው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው ማለት ነው። ሰልፉን አይቶ ‹ቶሎ ይሄዳል› ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቆጥሮ ለ25 ማካፈል ይሻላል። ቤቱ በጠዋት ከመከፈቱ 30 ወይም 40 ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ሰው ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ዙር ጋር ይገባል። ሌላው አማራጭ ከምሳ ግርግር በኋላ ያለው የከሰዓት ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ነው።

ተሰልፈው ሳሉ አስተናጋጅ የምግብ ዝርዝር ይዞ ይመጣና ትእዛዝ ይቀበላል። ይህም ደቂቃ ማትረፊያ ነው፤ እንግዳው ሲቀመጥ ሳህኑ እየተሠራ ነው። ስለዚህ መለወጥ የሚፈልጉት ነገር ካለ የሚናገሩት እዚህ ነው እንጂ ባንኮኒው ላይ አይደለም። ዋሳቢ (አፍንጫ የሚሰነፍጥ አረንጓዴ ማጣፈጫ) ለማይፈልግ ‹ሳቢ ኑኪ›፣ ሩዝ ቀነስ ለሚያስደርግ ‹ጎሃን ስኩናሜ› ማለት ይበቃል። አንዱ ወረፋ ይዞ አምስት ጓደኛ ዘግይቶ የሚቀላቀልበት የእኛ ልማድ እዚያ አያስኬድም፤ ኋላ ያለው ሰው አይጮህም፣ ነገር ግን አስተናጋጁ ሁሉም እስኪሟላ ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል። ከአራት በላይ ሆኖ የመጣ ቡድን ተለያይቶ ለመቀመጥ መዘጋጀት አለበት፤ ቤቱ ባንኮኒ እንጂ ክብ ጠረጴዛ የለውም።

ባንኮኒው ላይ

መጀመሪያ የሚቀርበው ትንሽ ሳህን ነው፦ ጥቂት ቁራጭ ታይ በሰሊጥ ሶስ ተለውሶ። ታይ ቀላ ያለ ቆዳ ያለው የባሕር ዓሣ ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ ጠበቅ ያለ፣ ጣዕሙ ለዘብ ያለ። ለዘብተኛ ስለሆነ የሰሊጡ ቅባት ይስማማዋል። (ኢትዮጵያ ለጃፓን ሰሊጥ ከሚሸጡ አገሮች አንዷ ስለሆነች ያ ሶስ ከሁመራ የመጣ ፍሬ ሊኖርበት ይችላል።) እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ ረሃብ ነው። አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ትንሿን ሳህን በአንድ ትንፋሽ ጠርጎ ይጨርሳታል። ታዩ ግን ለሁለት ጊዜ የተመደበ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ አሁን፣ የቀረው ለመረቁ።

ዋናው ሳህን ሲመጣ ዋሳቢውን በትንሿ የሶስ ሳህን ከሶይ ሶስ ጋር በጥብጦ ከክምሩ ጫፍ ጀምሮ ዞሮ ማፍሰስ ነው። ሱሺ ቤት ውስጥ ዋሳቢን ሶይ ሶስ ውስጥ መበጥበጥ እንደ አለማወቅ ይቆጠራል፤ ዋሳቢው ቁራጩ ላይ ይደረጋል፣ ዓሣው በሶስ ይነካል። እዚህ ግን ቁራጭ የሚባል ነገር የለም፤ የተከተፈው ነገር እኩል እንዲቀምስ ሶሱ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ የሱሺ ቤቱን ሥርዓት እዚህ ማክበር ምግቡን ማበላሸት ነው። በጥብጦ ማቆየት ግን አይገባም፤ የዋሳቢ ኃይሉ የሚተን ነገር ነው፣ ከተፈጨ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደክማል። ሊያፈሱ ሲሉ ነው የሚበጠብጡት።

መጠኑስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጠፋል። የተለመደው ጥቁር ሶይ ሶስ ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 15 ሚሊ ሊትር፣ 2.6 ግራም ጨው ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ክምሩ ላይ ሦስት ማንኪያ ያፈሰሰ ሰው ከቀኑ ልክ አልፏል። ከጤናውም በላይ ጣዕሙ ነው የሚያሳዝነው፦ ካዙኖኮውና የሳልመኑ እንቁላል በራሳቸው ጨው አላቸው፣ ሶሱም ወደ ታች ወርዶ ሩዙ ሥር ይከማቻል፣ በመጨረሻ መረቁ ሲጨመር ያ ሁሉ ወደ ላይ ይመለሳል። 2 የሻይ ማንኪያ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ጎደለ ከተባለ ትንሽ መጨመር አለ፣ የበዛውን ማውጣት ግን የለም።

ሩዙ ሌላው ነገር ነው። እንዲህ ባለ ሳህን መደበኛ መጠኑ 200 ግራም አካባቢ ነው። ሩዙ መሆን ያለበት የሰው ገላ ያህል ለብ ያለ ነው። የሚያቃጥል ከሆነ የሥረኛውን ዓሣ ያሞቀዋል፤ ቅባቱ ይቀልጣል፣ ሽታው ይነሳል፣ ስኩዊዱ ይለሰልሳል። ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ሩዙ ይደርቃል። ስልክ አውጥቶ አምስት ደቂቃ ፎቶ ማንሳት ችግር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሳህኑ ዕድሜው አጭር ነው። አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ቾፕስቲክ። ክምሩን እንደ ሰላጣ ከሩዙ ጋር ማማሰልም አይመከርም። ከጎን በኩል እየናዱ፣ ከላዩ ዓሣ ከሥሩ ሩዝ በአንድ ላይ እያነሱ መብላት ነው። ጎድጓዳ ሳህኑን በግራ እጅ አንስቶ ወደ አፍ ማስጠጋት በጃፓን ነውር አይደለም፤ ማጎንበስ ነው የማያምረው። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ሰክቶ መተው ግን የቀብር ሥርዓት ስለሆነ እጅግ ያስቀይማል።

መረቁ

ሳህኑ ውስጥ ሲሶው ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ሲቀር ጎድጓዳውን ባንኮኒው ከፍታ ላይ አስቀምጦ ‹ዳሺ ኦኔጋይ ሺማስ› ይባላል። አብሳዩ ወስዶ ትኩስ የታይ መረቅ ያፈስበታል፤ ሩዝ ካለቀ ይጨምራል፣ ክፍያ የለውም። ያስቀሩት የታይ ቁራጭ ከነሰሊጡ ይገባል። ሩዝ በሻይ ወይም በመረቅ አርሶ የመብላት ልማድ ጃፓኖች ‹ኦቻዙኬ› ይሉታል። ለእኛ ቅርቡ ዘመዱ ፍትፍት ነው፦ የተረፈውን ከመረቅ ጋር አገናኝቶ ሌላ ምግብ ማድረግ።

ይህ መረቅ ስጦታ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ታይ ትልቅ ጭንቅላትና ወፍራም አጥንት ያለው ዓሣ ነው። ተላጥቶ፣ ተሰንጥቆ፣ ቆዳውና የጎን አጥንቱ ከወጣ በኋላ ለሳሺሚ የሚሆነው ከሙሉ ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ተከፍሎበታል፤ ወይ ይጣላል ወይ ይሸጣል። መረቅ ሆኖ ሲፈስ ዓሣው ሁለት ጊዜ ይሸጣል፣ እንግዳውም ጥቂት ሩዝ በመጨመር ጠግቦ ይነሳል። ከ1,250 የን ጀርባ ያለው ትልቁ ብልሃት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መረቁን ቤት መሥራት ይቻላል፤ ከጠቅላላው ምግብ ለጀማሪ የሚቀናውም ይኸው ነው። ለ1 ኪሎ የታይ ጭንቅላትና አጥንት (ታይ ከሌለ ነጭ ሥጋ ያለው ሌላ ዓሣ ይሆናል) ከ20 እስከ 30 ግራም ጨው ነስንሶ ግማሽ ሰዓት መተው። ጨው የሚስበው ውኃ ሽታውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ማፍሰስ፣ ላዩ ነጣ ሲል ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተትና የቀረውን ቅርፊትና የረጋ ደም በጣት ማጠብ። የዓሣ መረቅ የሚሸተው በአብዛኛው ይህ ደረጃ ስለሚዘለል ነው፤ ጥፋቱ ያለው አከርካሪው ሥር በተጣበቀው ደም ላይ ነው። ከዚያ በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይጀመራል፣ አረፋው እየተገፈፈ።

እዚህ ምርጫ አለ። በዝግታ፣ ሳይንተከተክ የፈላ መረቅ ጥርት ያለ ይሆናል። በኃይል ሲንተከተክ ግን የዓሣው ቅባትና ከአጥንቱ የሚወጣው ጀላቲን ተዋሕደው ወተት ይመስላል። የጹጂሃኑ ነጭ ነው፣ ስለዚህ ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል፤ 40 ደቂቃ ያህል። በመጨረሻ ጨው በትንሹ። ሳህኑ ውስጥ ሶይ ሶስ እንደሚጠብቀው አይረሳ።

አሁን ‹ሲሶ አስቀር› የሚለው ለምን እንደሆነ በቁጥር እንይ። 200 ግራም መረቅ በ90 ዲግሪ ቢፈስና ሳህኑ ውስጥ 20 ዲግሪ የሆነ 100 ግራም ሩዝና ዓሣ ቢኖር፣ ጠቅላላው ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። የታይ ቁራጭ በዚህ ሙቀት ላዩ ነጣ ብሎ ይኮማተራል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል፤ የሚፈለገው ይህ ነው። የቀረው 200 ግራም ቢሆን ግን ወደ 60 ይወርዳል፣ ሳህኑም ሙቀት ስለሚወስድ ከዚያ በታች። ለብ ያለ ዓሣ በለብ ያለ ውኃ። ብዙ ያስቀረ ሰው ‹መረቁ አልጣመኝም› ብሎ ይወጣል፤ መረቁ ግን አልበደለም። ሁሉን ጨርሶ ባዶ ሳህን ያቀረበም በተቃራኒው ይጎዳል፤ ሩዝ ይጨመርለታል፣ ነገር ግን መረቁን የሚያጣፍጠው የተከተፈው ዓሣ የለም።

ጥሬነቱን በተመለከተ

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ስለ ጥሬ ዓሣ ሲያስብ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማየቱ አይቀርም። አደጋቸው ግን የተለያየ ነው። የባሕር ዓሣ ዋና ጥገኛ አኒሳኪስ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነጭ ክር የሚመስል ትል። በሕይወት ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጨጓራን ወግቶ ኃይለኛ ቁርጠት ያመጣል። ዋሳቢ፣ ሶይ ሶስ፣ ሆምጣጤ፣ ጨው፣ አረቄ፣ ማንኛቸውም በምግብ መጠን አይገድሉትም። የሚገድለው ሁለት ነገር ነው፦ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ማቀዝቀዝ (የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ልክ ነው፤ የአሜሪካው 7 ቀን ይላል)፣ ወይም 60 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ ማሞቅ። ከሩቅ ባሕር የሚመጣ ቱና ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ቀዝቅዞ ስለሚጓዝ ከዚህ ትል በኩል አስተማማኝ ነው። ‹ያልቀዘቀዘ ዓሣ ይሻላል› የሚለው አባባል በጥሬ ሲበላ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ፍሪዘር በአብዛኛው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም የ24 ሰዓቱ ሕግ አይሠራበትም።

መክተፍ ራሱ ሁለት ገጽ አለው። ትሉን ሊቆራርጠው ይችላል፤ ነገር ግን የዓሣውን ላይ ገጽ ያበዛዋል፣ ባክቴሪያም የሚራባው ላይ ገጽ ላይ ነው። የተከተፈ ነገር ከተነጠፈ ቁራጭ ይልቅ በፍጥነት ይበላሻል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሳህን ደህንነት የተመሠረተው በሽያጩ ፍጥነት ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያማርሩበት ሰልፍ ይጠቅማል። በተቃራኒው፣ ተከትፎ ሲሞቅና ሲበርድ የዋለ ርካሽ ሳህን ባዶ ቤት ውስጥ ካጋጠመ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ መተው ነው።

ነፍሰ ጡሮች ሌላ ስሌት አለባቸው። የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ነፍሰ ጡሮች ብሉፊንና ቢግአይ ቱናን በሜርኩሪ ምክንያት በሳምንት 80 ግራም አካባቢ እንዲገድቡ ይመክራል፤ በጥሬው መብላቱም ሊስቴሪያ የተባለውን ባክቴሪያ ስለሚያስፈራ ያኔ ቢቀር ይመረጣል።

ለማይበሉ

ይህ ክፍል ለአማርኛ አንባቢ ሳይጻፍ አይታለፍም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማይበላ ሰው፣ የኦርቶዶክስ ምእመንም ይሁን በእስራኤል ካሽሩትን (የአይሁድን የምግብ ሕግ) የሚጠብቅ፣ ዘይታኩዶንን መብላት አይችልም። ከተነጠፈ ሳህን ላይ ሽሪምፑን ለይቶ ማንሳት ይቻል ነበር፤ ከተከተፈና ከተደባለቀ ክምር ግን ስኩዊድን ከቱና መለየት አይታሰብም። ‹ያለ ስኩዊድ› ብሎ ማዘዝም አያዋጣም፤ ክምሩ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፣ የዋጋውም ምክንያት ያ ነው። ከመሰለፍ በፊት ነው ይህን ማወቅ። እንዲህ ላለ ሰው ሌላ ቤት ሄዶ ‹ተካዶን›፣ ቱና ብቻ የተነጠፈበትን፣ ቢያዝ ይሻለዋል። የጾሙ ነገር የየሰው ነው፤ በጾም ዓሣ መብላት ላይ አባቶችም ምእመናንም አንድ አይደሉም። ሙስሊም እንግዳ ደግሞ የሳልመኑ እንቁላል ብዙ ጊዜ በሶይ ሶስ፣ በሳኬና በሚሪን እንደሚዘፈዘፍ ይወቅ፤ ሳኬም ሚሪንም አልኮል ናቸው። ሰሊጥ፣ ሽሪምፕ፣ ሶያ ወይም ስንዴ የማይስማማው ሰውም (ሶይ ሶስ ስንዴ አለበት) እዚህ አማራጭ የለውም።

መምረጥ የሚወድ ሰው የሚሄድበት ሌላ ዓይነት አለ። በሰሜናዊቷ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ፣ ከኩሺሮ ከተማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የዋሾ ገበያ (1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተ) በ‹ካቴዶን› ይታወቃል፦ መጀመሪያ ሩዝ በሳህን ይገዛል፣ ከዚያ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የወደዱትን ቁራጭ በዋጋ እያስጨመሩ ይሄዳሉ። ያልወደዱትን አለማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ዓይን ከሆድ ይሰፋል፤ በየሱቁ ጥቂት መቶ የን እያሉ ሳህኑ ሲሞላ ከጹጂሃን ኡሜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እዚያ ምርጫው የእንግዳው ስለሆነ ዋጋውም የእንግዳው ነው።

ጹጂሃን ውስጥ መረቁ ካለቀ በኋላ መቆየት የለም። ሳህኑን ባንኮኒው ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ፊት ለፊት የፈሰሰ ካለ በጨርቁ መጥረግ፣ ‹ጎቺሶሳማ› ብሎ መክፈል። ጉርሻ አይሰጥም፤ ቢሰጥም ሠራተኛው ረስተውት ነው ብሎ ይዞ ይከተላል። ከበሩ ስትወጡ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ወንበራችሁን እያየ ነው።